«እዚህ ክላሲካል ናቸው፣ እዚያ ግን ዘፍነዋል»

የቡና ሰዓት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንድ ሙዚቃ ቤት ፍላሽ ላስጭን ገብቼ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ «ክላሲካል» የሚል ፎልደር አለው። ሲከፍተው አየሁ፤ የሞዛርት 40ኛ ሲምፎኒ፣ ከሥሩ የግሌን ሚለር የስዊንግ ጃዝ፣ የ1939ኙ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) «ኢን ዘ ሙድ»፣ ቀጥሎ የዘ ሻዶውስ ጊታር በ«አፓቺ»፣ ከዚያ የእኛው የጅማ ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ከዚያ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ። ሲምፎኒው፣ ስዊንጉ፣ ሮኩ፣ ኢትዮ ጃዙ አንድ ላይ። የቤትሆቨንን 9ኛ ሲምፎኒ ግን አጣሁት። ስጠይቀው «እሱ መጨረሻው ላይ ሰው ይዘፍንበታል፤ የውጭ ዘፈን ውስጥ ነው ያለው» አለኝ።

ቀጥዬ በ2024 የወጣውን የእማሆይን «ሱቬኒርስ» ጠየቅኩት። ታውቁት እንደሆነ፣ ከ1977 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት በካሴት የተቀዳና ከሞታቸው በኋላ የወጣ ነው፤ ፒያኖ እየተጫወቱ ራሳቸው በአማርኛ ያንጎራጉሩበታል። ልጁ ወደ ሌላ ፎልደር እየተሻገረ «እማሆይ እዚህ ክላሲካል ናቸው፣ እዚያ ግን ዘፍነዋል» አለኝ።

ይህ «ክላሲካል» ምን ማለት ነው? ስህተት ነው ወይስ አማርኛ ሆኗል? ቅዳሜ ለምናደርገው የሙዚቃ ማዳመጫ ማስታወቂያ ልጽፍ ነውና የእማሆይን ሁለቱንም አልበሞች በምን ስም ልጥራቸው?

ባለግሱ፦
እህቴ፣ ክላሲካሉ ይቆየንና «ዘፍነዋል» የሚለውን እንዴት አለፍሽው? መነኩሲት ዘፈነች አይባልም። ዘፈነ በግእዝ ጨፈረ፣ አሸበሸበ ነው፤ እግርና ትከሻ ያለበት ግስ ነው። አፍ ብቻ ሲሆን ሐለየ ነው፤ ማሕሌት ከዚያ ይወጣል። እማሆይ ፒያኖ ላይ ተቀምጠው በምን እግራቸው ይዘፍናሉ?

አዌቱ ማዶ፦
ባለግሱ፣ ግእዙ ልክ ነው፤ ግን አማርኛው ከእግር ወደ አፍ ከተሻገረ ቆየ። ዛሬ «ዘፈነ» ስትለኝ የምሰማው ድምፁን ነው፤ ለእግሩ «ጨፈረ» አለኝ።

ባለግሱ፦
ተሻገረ ብለን ከተውነው መጽሐፉን አንረዳውም። ማቴዎስ 11፥17 ላይ ልጆቹ እንቢልታ ነፍተው ጓደኞቻቸው አልዘፈኑም ይላል። እንቢልታ ሲነፋልህ የሚጠበቅብህ መዝለል ነው እንጂ መዝፈን በዛሬው ትርጉም አይደለም፤ የግሪኩም ቃል ጨፈረ ነው። መዝሙር 150ም በከበሮና በዘፈን አመስግኑት ሲል ያው እግሩን ነው። ቅኔ ቤት ያደርኩት ይህችን ለመለየት ነው።

ሒርማታ ገበያ፦
እንግዲያው ገላትያ 5 «ዘፋኝነት»ን ከስካር ጎን ሲያስቀምጥስ? እናቴ በዚያች ቃል የተነሳ ሬዲዮ ቤት አላስገባችም። ግሪኩ እዚያ ጋ የስካር ፈንጠዝያን የሚል ቃል ነው ብለው አንድ መምህር ሲያስረዱ ከሰማሁ በኋላ፣ እናቴ ሳትሰማው በማለፏ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህ ክርክር ለእኔ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

ባለግሱ፦
ይህን አላውቅም ነበር፤ ነፍስ ይማር። ያልኩትን ግን ያጠናክርልኛል። ቃሉ የያዘው ሥጋዊውን ሁከት ነው፣ ዜማን አይደለም።

ጅሬን፦
እኛ ሰፈር ይህ ጥያቄ አይነሳም። መንዙማ ይባላል፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ «መንዙማ ዘፈነ» ያለ ሰው ግን ሼኮቹ ፊት ቀና ብሎ አያይም። ድቤ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ሰውነትም ይወዛወዛል፤ እንዲያውም ከእማሆይ ፒያኖ ይልቅ ለባለግሱ ፍቺ የሚቀርበው መንዙማው ነው። ቢሆንም ዘፈን አንለውም። እንግዲህ ቃሉን የሚወስነው እግር አይደለም፤ ለማን ነው የሚለው ነው።

አዌቱ ማዶ፦
የጅሬን ነገር ገባኝ። በአፋን ኦሮሞም «ሲርባ» ጭፈራም ዘፈንም ነው፣ አንድ ቃል፤ ለአምልኮ ሲሆን ግን «ፋሩ» ይባላል። ጅማ ገበያ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ እየቀላቀለ ያደገ ልጅ «ዘፍነዋል» ሲል ባለግሱ እንደሚፈራው እማሆይን አላቃለላቸውም።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። ክላሲካል በአማርኛ «ሰው ያልዘፈነበት» ማለት ነው፤ ስህተትም አይደለም። ማስረጃ? ኃይሉ መርጊያ በፈረንጅ 1985 ያወጣው፣ በ2013 ውጭ አገር ዳግም ታትሞ ዓለም የሰማው አልበም ሽፋኑ ላይ በእንግሊዝኛ የኃይሉ «ክላሲካል» መሣሪያ ይላል። ውስጡ ያለው አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። ሞዛርትና ቤትሆቨን ከኖሩባት ከቪየና ጋር ምንም አያገናኘው፤ ዘፋኝ የለውም፣ አለቀ። ሬዲዮ በሐዘን ቀን «ክላሲካል ብቻ» ሲለቅ ስንሰማም ሞዛርት አልጠበቅንም፤ የምናውቃቸው ዘፈኖች ድምፃቸው ወጥቶ ዜማቸው ብቻ ሲቀር ነው የምንጠብቀው። የሙዚቃ ቤቱ ልጅ ቤትሆቨንን ያወጣው ሳያውቅ አይደለም፤ ሕጉን ጠብቆ ነው። ለእኔ ይህ የሚያምር ሥርዓት ነው።

የቡና ሰዓት፦
ጋሼ፣ ይህ ረዳኝ። ግን በዚህ ሕግ የእማሆይ አንዱ አልበም ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። ያው ሴት፣ ያው ፒያኖ፣ ያው ጣት። «ረቂቅ ሙዚቃ» ብለውስ?

ባለግሱ፦
ረቂቅ መልካም ቃል ነው። ረቀቀ ቀጠነ ነው፤ ተቃራኒው ግዙፍ ነው። መላእክት ረቂቃን ናቸው ስንል አይዳሰሱም ማለታችን ነው።

ሒርማታ ገበያ፦
ረቂቅ አዋጅስ? ምክር ቤት የሚቀርበው ወረቀት መልአክ አይደለም።

ባለግሱ፦
እሱም ከዚያው ነው። ረቂቅ አዋጅ ገና ሥጋ አልለበሰም፤ ሲጸድቅ ይገዝፋል።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ይህ ትርጓሜ ደስ ቢለኝም አልቀበለውም። አረቀቀ ማለት አስቦ፣ አቅጥኖ፣ አሳምሮ ጻፈ ነው፤ ያላለቀ ማለት በኋላ የመጣ ነው። ደግሞ በእናንተ ፍቺ ድምፅ ያለበት ሁሉ ግዙፍ ሊሆን ነው። የእማሆይን «ሱቬኒርስ» በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ድምፃቸው ከፒያኖው የቀጠነ ነው፤ አንዳንዴ ጣታቸው ቀድሞ ደርሶ ድምፃቸውን ይጠብቃል። እሱ ካልረቀቀ ምን ይረቅቃል?

አዌቱ ማዶ፦
እስማማለሁ። ረቂቅ ማለት ያለብን ለአጨዋወቱ ነው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። የግሌን ሚለር የናስ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲገቡ ሰው ባይዘፍንም ረቂቅ ነው ብዬ አልምልም። ክላሲካል ግን ነው፣ በእኛ አማርኛ።

ጅሬን፦
ስዊንግንስ ምን እንበለው? ዥዋዥዌ ብንል?

ባለግሱ፦
ዥዋዥዌ ወጥ ነው፣ ሄዶ ይመለሳል። ስዊንግ እኮ አንዱን ምት ያስረዝምና ተከታዩን ያሳጥራል፤ ይህ ማነከስ ነው። «አንካሳ ምት» በሉት።

የቡና ሰዓት፦
ወንድሞቼ፣ ማስታወቂያው ዛሬ ማታ ይታተማል። «አዜሙ» ልል ነበር፤ ግን ዜማ የያሬድ ነው ብላችሁ ሌላ ሦስት ቀን እንዳትወስዱብኝ ፈራሁ። «የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖና ድምፅ» ብዬ ልለጥፈው ነው።

ባለግሱ፦
ድምፅ ላይ ግን ትንሽ ታገሺኝ። በግእዝ ድምፅ የነጎድጓዱም የመንኮራኩሩም ነው። የሰው ሲሆን «ቃል» ይባላል፤ ቃለ ዐዋዲ ስንል የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ማለታችን ነው። «ፒያኖና ቃል» ብትዪውስ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ቃል ካልሽ ሰው ግጥም ይነበባል ብሎ ነው የሚመጣው።

ባለግሱ፦
ግጥምስ ቢሆን ከየት የመጣ ይመስልሃል? ገጠመ ከሚለው ነው…