የጉበት ካንሰርን ዘረመል ከደም ማወቅ ይቻላል?

ሰብለ፦ አባቴ ለዓመታት ሄፓታይተስ ቢ ነበረባቸው፤ ባለፈው ወር በሲቲ ስካን የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገረን። ሐኪማቸው በመርፌ ናሙና መውሰድ አያስፈልግም ብለዋል። የዕጢውን ዘረመል በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩ የዕጢው ሴሎች ማወቅ እንደሚቻል አንብቤአለሁ፤ ታዲያ ለእኛ ለምን አልታዘዘም?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ወይም የቆየ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የሲቲ ስካኑ መልክ ግልጽ ከሆነ ካንሰሩ ያለ ናሙና ይረጋገጣል፤ መርፌው ደም ሊያፈስ፣ አልፎ አልፎም የካንሰር ሴል በመንገዱ ላይ ሊተው ይችላልና። ለታማሚው ይህ ደግ ነው፤ ተመራማሪው ግን የሚመረምረው ሥጋ ያጣል፤ በደም ላይ ተስፋ የተጣለውም ስለዚህ ነው።

ችግሩ የሴሎቹ ማነስ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በሚሊዮን ሲቆጠሩ የዕጢው ሴሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ጭራሽ የማይገኙበትም ጊዜ አለ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለጡት ካንሰር የተፈቀደው መሣሪያ ሴሎቹን የሚይዘው በላያቸው ባለው ኤፕካም በተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ አብዛኛው የጉበት ካንሰር ሴል ይህ ፕሮቲን የለውም። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ያሉ ተመራማሪዎች ግን መንገዱን ገልብጠው የደሙን ሴሎች አስወገዱና በቀረው ውስጥ የጉበትን ሴል የሚጠቁሙ 10 የአርኤንኤ (ሴሉ ከዘረመሉ የሚቀዳው መልእክት) ምልክቶችን ፈለጉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት ምልክቱ የተገኘው ሕክምና ካልጀመሩ 16 ታማሚዎች በ9ኙ ነው። ሰባቱ አምልጠዋል ማለት ነው፤ እኔ ይህን ለሕክምና ውሳኔ አልጠቀምበትም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ዘረመሉ የበሽታውን መነሻ እንደሚያሳይ መዘንጋት የለበትም። ቲፒ53 በተባለው ዘረመል 249ኛ ኮዶን (የሦስት ፊደላት ስብስብ) ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ ስትገኝ፣ በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ያደረሰው ጉዳት ይጠረጠራል። ይህ ለውጥ በጋምቢያ ታማሚዎች ደም ውስጥ የታየው ከሴል ሳይሆን በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሚንሳፈፍ ዲኤንኤ ነበር፤ እሱ ለማግኘት ይቀላል። ሙሉ ሴል የሚበልጠው የትኞቹ ለውጦች በአንድ ሴል ውስጥ አብረው እንዳሉ በማሳየቱ ነው። ለአባትዎ ግን የመድኃኒቱ ምርጫ በአብዛኛው በዚህ አይወሰንም።

ሰብለ፦ አመሰግናለሁ። እንግዲያው አሁን የትኛውን የደም ምርመራ እንጠይቅ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ የእሳቸውን የቫይረስ መጠን ነው፤ ለቫይረሱ መድኃኒት ካልጀመሩ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። እርስዎም ከእናትዎና ከወንድም እህቶችዎ ጋር ለሄፓታይተስ ቢ ይመርመሩ፤ ነጻ የሆነና ያልተከተበ ሰው ክትባቱን ይጀምር።