ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ገዝቼ ተቸግሬያለሁ፣ የሚያውቅ ይርዳኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሱሉልታ ነው። አባቴ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ያማሃ ኤጂ 100 ይዞ ገጠር ሲወጣ እኔን የኋላው ዕቃ መጫኛ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ባለፈው ወር አንዷን አየሁና አንጀቴ አልቻለም፣ ብዙም ሳልከራከር ገዛኋት። (ባለቤቴ እስካሁን አኩርፋለች።) ሰንሰለቷ እንኳ እንደ ድሮው በብረት መሸፈኛው ውስጥ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት በሁለተኛው ርግጫ ትነሳለች። ሩብ ሰዓት ያህል ነድቼ ዳገት ስጀምር ግን ጉልበቷ ይከዳትና ቀጥ ትላለች። ሃያ ደቂቃ አቀዝቅዣት ስረግጣት ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ስፈታው ጥቁርና እርጥብ ነው። አዲስ ቀየርኩ፣ ያው ነው። በሞቀችበት ሰዓት ብልጭታው ቀላና ሳሳ ያለ ይመስለኛል።

አንዱ ሜካኒክ «ኮይሉ ነው» አለ፤ ለካንዴላው ኤሌክትሪኩን የሚሰጠውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ አገሩ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይስተካከል ባይ ነው። ሁለቱም እውነት ይመስላል፤ ግን ቤንዚን ቢበዛባት ስትቀዘቅዝ ለምን ትነሳለች?

ደግሞ ሁለት ስትሮክ ናት፣ ማለትም ዘይትን ከቤንዚን ጋር ታቃጥላለች፤ ዘይቱን ከራሱ ታንከር በፓምፕ ነው የምትስበው። ከሜካኒኮቹ አንዱ ፓምፑን ዘግተህ ዘይቱን ቤንዚኑ ላይ ቀላቅል አለኝ። ስንት በስንት ስለው «በግምት» አለ። እኔ ፒስተን በግምት አላቃጥልም።

ኮይል በሙቀቱ እንዴት እንደሚለካ የምታውቁ፣ ወይም የኤጂ ዕቃ መርካቶ የት አካባቢ እንደሚገኝ የምትጠቁሙኝ አላችሁ?