ከዳክቱ በፊት ውሃው፦ የሂዩስተን እድራችን የኤሲና የሂተር ጽዳት ዕቅድ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስብሰባ የኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ነገር ተነሥቶ ሰዓት ስላለቀብን በይደር አቆየነው። ሙቀቱ ሳይመጣ፣ ባለሙያዎቹም ሥራ ሳይበዛባቸው እንጨርሰው። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ እስከ እሑድ ድረስ እዚህ ይብሰል። መነሻ ይሆን ዘንድ የጻፍኩት ይኸው፦

«የራሳቸው ቤት ያላቸው 38 አባሎቻችን የቤታቸውን ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) በየዓመቱ በአንድ ድርጅት፣ በአንድ የጋራ ዋጋ ያስጸዱ። ዋጋውን እድሩ ይደራደር። ሥራው በማርች ይጠናቀቅ።»

ጨምሩበት፣ ቀንሱበት። ዝም ያለ እንደተስማማ እቆጥራለሁ።

ኤሲ ቴክኒሻኑ፦
ጋሼ፣ ነገሩን ስላነሡት እግዚአብሔር ይስጥልን። በጋራ መደራደሩን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። «ዳክት» የምትለዋ ቃል ላይ ግን እንነጋገር። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ሆኖኛል። የሂዩስተን ቤት ሲታመም ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዳክቱ አይደለም። ከውሃው ነው።

ኤሲ እዚህ ከተማ ሁለት ሥራ አለበት። አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ከአየሩ ውስጥም ውሃ ይጨምቃል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበው የለ? የማሽኑ ኮይልም፣ ቀዝቃዛው ጥቅል ቧንቧ ማለት ነው፣ እንደዚያው ነው። በወበቁ ወራት አንድ የቤት ኤሲ በቀን ከ5 እስከ 20 ጋሎን ውሃ ሊያወጣ ይችላል። ያ ውሃ ከኮይሉ ሥር ወዳለው ሳህን ይንጠባጠባል። ከሳህኑ ደግሞ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። ቱቦው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራተኛ ኢንች ነው። እዚያ ጨለማና እርጥበት ውስጥ አተላ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ያድጋል። መውጫው ሲደፈን ሳህኑ ይሞላና ውሃው ወደ ኮርኒሳችሁ ይወርዳል።

ባለፈው ጁላይ አንድ ቤት አቲክ (ከኮርኒሱ በላይ ያለው የጣሪያ ሥር ቦታ) ወጥቼ የማሽኑን ክዳን ከፈትኩ። ባለቤቷ በዚያው ዓመት ዳክት አስጸድታለች፣ ደረሰኝም አላት። ኮይሉ ግን አይታይም። አቧራው ከእርጥበቱ ጋር ተጋግሮ እንደ አሮጌ ጋቢ ለብሶታል። ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ ጨርቅ ተገፎ ወጣ። ቤቴ አልቀዘቅዝ አለ፣ የመብራት ሒሳቡ ናረ ስትል የከረመችው ለዚህ ነው። ያጸዱላት ሰዎች ክዳኑን እንኳ አልነኩትም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ ኢፒኤ፣ ዳክት በየጊዜው በልማድ ይጸዳ አይልም። ሲያስፈልግ ብቻ ነው የሚለው። ማለትም በዓይን የሚታይ ሻጋታ ካለ፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ከገቡበት፣ ወይም አቧራ ዘግቶት ወደ ክፍሉ ከተፋ። ስለዚህ «በየዓመቱ» የሚለው ለኮይሉ፣ ለሳህኑና ለውሃ መውጫው ይሁን። ዳክቱ ታይቶ ይወሰን።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
ወንድሜ፣ የነገርከው በእኔ ቤት ደርሷል። ኦገስት ላይ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳሎን ስገባ ውሃው ሞሰቡ ላይ ነው የሚወርደው። ቀና ስል ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ነገር አየሁ። መሐሉ አብጧል። ባለቤቴ መጥረጊያ እንጨት ይዞ ሳይደርስ ጄሶው እንደራሰ ዳቦ ተቆርሶ ወደቀ። ከላይ ያለው የጥጥ መሳይ ነገር ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ።

ከሁለት ወር በፊት ሰዎች መጥተው ሙሉ ጽዳት ብለው ገንዘብ ተቀብለው ሄደዋል። የውሃ መውጫ የሚባል ነገር አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ከየት ልወቀው? ኢንሹራንሱም ቆይቶ የመጣ ጉዳት ነው ብሎ አልከፈለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ለሽያጭ እጋግራለሁ። እንፋሎቱን ታውቁታላችሁ። ቡናው አለ፣ እጣኑ አለ፣ ቁሌቱ አለ። እንዲህ ያለ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል ወይ?

ኤሲ ቴክኒሻኑ፦
እህቴ፣ አይበቃውም። የእጣንና የቡና ጭስ ጥቀርሻ ፊልተሩ (የአየር ማጣሪያው) ላይ ይለጠፋል። ያለፈው ደግሞ እርጥብ ኮይል ያገኛል። የቁሌት ዘይት ሲጨመርበት ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ፊልተር በየወሩ ቀይሪ። ሌላው ሰው ባለ አንድ ኢንች ፊልተር ከሆነ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊያቆየው ይችላል። አንቺ ግን ሠላሳ ቀን አታሳልፊው። ከምድጃሽ በላይ ያለው ማራገቢያ ጭሱን በእርግጥ ወደ ውጭ እንደሚያስወጣም አረጋግጪ። ብዙዎቹ አየሩን በትንሽ ወንፊት አሳልፈው እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ መልሰው ይነፉታል። እንደዚያ ከሆነ ምጣዱን ስትጥጂ መስኮት ከፍተሽ ከመጋገር፣ ጋራዥ በሩ አጠገብ ብታደርጊው ይሻላል። የውጭው ወበቅም እኮ እርጥበት ነው።

ሁላችሁም አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ላይ ፋን የሚለውን «ኦን» ሳይሆን «ኦቶ» ላይ አድርጉት። «ኦን» ከሆነ ማቀዝቀዣው ካቆመ በኋላም ነፋሱ ይቀጥላል። ኮይሉ ላይ የቀረውን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል። የተጨመቀው ውሃ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ሳህኑ ሲሞላ ማሽኑን የሚያጠፋ ትንሽ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። እህታችን ቤት ቢኖር ኮርኒሱ አይወድቅም ነበር። ከጽዳቱ ጋር አብሮ እንዲገጠም እንጻፍ።

ነርሷ፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔ በጤናው በኩል ልናገር። ልጄ አስም አለባት። ስለዚህ ጽዳት ስንል ልቤ ቶሎ ይሸነፋል። ግን ሐሳቡ ውስጥ «አስምና አለርጂ ያድናል» የሚል ቃል እንዳይገባ እለምናለሁ። ኢፒኤ ራሱ የዳክት ጽዳት በሽታ እንደሚከላከል አልተረጋገጠም ይላል። ወላጅ ተስፋ አድርጎ የመድኃኒቱን ብር እዚያ እንዳያፈስ።

የሚረዳው እርጥበቱን ማውረድ ነው። የቤት ውስጥ እርጥበት ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 እንዲሆን ይመከራል። መለኪያዋ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም ቀላል ነው። በልጄ መኝታ ቤት ሰቅያለሁ። በ2024 ጁላይ ቤሪል የተባለው ሃሪኬን መጥቶ በአካባቢያችን ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት ሲያጡ፣ እኛ ቤት ለቀናት ተዘግቶ ነበር የሰነበተው። ስንመለስ ቁጥሯ 81 ትላለች። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ የበዓል ልብሳችን የተሰቀለበት ጋ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል።

አንድ ሌላ። ሻጋታ ይገድላል ብለው ዳክት ውስጥ የሚነፉትን ኬሚካል አልፈልግም። ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበት ቤት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ብሩ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። ኢፒኤ በሚጠቅሰው ዋጋ ዳክት ማስጸዳት ለአንድ ሲስተም ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ነው። በ38 ቤት ስናባዛው በትንሹ 17,100፣ በትልቁ 38,000 ዶላር። እሱም በየዓመቱ! የእድሩ ካዝና ደግሞ ለሐዘን ነው የተዋጣው። አንድ ሳንቲም አይነካም። እያንዳንዱ የራሱን ይክፈል። እድሩ ዋጋ ያስቀንስ፣ ጥራት ይጠብቅ።

የ99 ዶላር ወረቀት በፖስታ የሚመጣላችሁ ሰዎች እኔን ስሙኝ። ጠራኋቸው። ሁለት ልጆች መጡ። አንዱ አቲክ ወጣ፣ አሥር ደቂቃ አልቆየም። ሲወርድ ስልኩን አሳየኝ። ጥቁር፣ ጸጉራም ሻጋታ። «ይሄ ቤትህ ነው፣ ቤተሰብህን እየመረዘ ነው፣ 1,800 ዶላር» አለኝ። ልከፍል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ፎቶውን ደግሜ አየሁት። በፎቶው ላይ ያለው ዳክት ጥቁር ሽፋን ነው ያለው። የእኔ ብርማ ነው። መሰላሉን ይዤ አብሬው እንድወጣ ስጠይቀው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ስለዚህ አንድ ቃል ይጨመርልኝ፦ ባለቤቱ ሳያይ፣ ከጽዳቱ በፊትም በኋላም ፎቶ እዚያው ሳይነሣ ክፍያ የለም።

ኤሲ ቴክኒሻኑ፦
ግሩም አልክ። ላይሰንሱንም ጨምሩበት። ቴክሳስ ውስጥ የኤሲ ኮንትራክተር ከክፍለ ግዛቱ የፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ከቲዲኤልአር፣ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ቁጥሩን ተቀብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ማየት ትችላላችሁ። ሻጋታውም የራሱ ሕግ አለው። ተያይዞ 25 ስኩዌር ፊትና ከዚያ በላይ የሆነውን የሚያነሣ ሰው የሻጋታ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። መርምሮ «አለብህ» የሚለውና የሚያጸዳው ደግሞ በአንድ ሥራ ላይ አንድ ሰው መሆን አይችልም። ያ ልጅ ሁለቱንም ነበር የሚሠራው።

ብዙዎቻችን አቲክ ያለው ዳክት እንደ አኮርዲዮን የሚጠፍ ለስላሳ ዓይነት ነው። በጠንካራ ብሩሽ ሲፈትጉት ውስጡ ይቀደዳል። የውስጥ ሽፋኑ ረጥቦ ከሻገተ ደግሞ ማጽዳት ዋጋ የለውም። ያ ክፍል ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ኬሚካሉን በተመለከተ እህታችን ትክክል ነች። በፋይበርግላስ በተለበጠ ዳክት ውስጥ እንዲረጭ በኢፒኤ የተመዘገበ መድኃኒት የለም።

ተከራዩ፦
እኔ አፓርትማ ውስጥ ነኝ። ከእድራችን ቤት ያለው 38 ነው፣ የቀረነውስ? የእኔ ኤሲ የመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ለቢሮው በአፍ ነገርኩ፣ በስልክ ነገርኩ። «እሺ» ብቻ ነው።

ሰብሳቢ፦
ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ረስቼያችኋለሁ። ምን እንጻፍ?

ተከራዩ፦
ደብዳቤ ጋሼ። በቴክሳስ ሕግ ጤናን የሚጎዳ ብልሽት ሲኖር ተከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ኪራዩም ውዝፍ ሊኖርበት አይገባም። ከዚያ በኋላ አከራዩ በተገቢ ጊዜ ይጠግናል፤ ሕጉ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን በቂ ነው ብሎ ይወስዳል። ብዙዎቻችን በአፍ ብቻ ስለምንናገር መረጃ የለንም። አንድ ናሙና ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ፣ ትርጉሙ በአማርኛ ከሥሩ ይሁን። በአደራ ፖስታ ይላክ። እኔ እጽፈዋለሁ።

ነርሷ፦
ሂተሩን ረሳነው እንዴ? ርእሱ ላይ አለ።

ኤሲ ቴክኒሻኑ፦
አልረሳሁትም፣ ላነሣው ስል ቀደምሽኝ። ብዙ ቤት ሂተሩ የጋዝ ነው፣ ከኤሲው ጋር አንድ ዳክት ይጋራል። የመጀመሪያው ብርድ ቀን የሚሸተው የተቃጠለ ሽታ በበጋ የተጠራቀመው አቧራ ነው። እሱ በጥቂት ሰዓት ይለቃል። የሚያሳስበኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። በፌብሩዋሪ 2021 ያ ብርድ መጥቶ መብራት ሲጠፋ፣ በከተማችን ሰዎች ለመሞቅ ብለው መኪና ጋራዥ ውስጥ አስነሥተው፣ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥለው ተመርዘዋል፣ የሞቱም አሉ። ከሰል ለእኛ የቡና ዕቃ ነው፣ አደጋነቱ አይታየንም። ስለዚህ ኦክቶበር ላይ ማቃጠያውና የጭስ መውጫው ይታይ። በየመኝታ ክፍሉ አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር። ይህ ከጽዳቱ እንዳይነጠል።

ጋሼ፣ ከአንጋፋ አባላት፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አንብቤአለሁ። መልካም ነው። ግን እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። መሰላል ላይ አልወጣም። የእኔ ፊልተር ያለው ኮርኒስ ላይ ነው። መቼ እንደተቀየረ አላስታውስም። የእናታችሁ እግር ካመማት ወዲህ ቤቱን የሚያይልን የለም። ደግሞ የማላውቀው ሰው መጥቶ በእንግሊዝኛ ሲያጣድፈኝ ፈርሜ እሰደዋለሁ። አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኖብኛል፣ ምን እንደፈረምኩ ያወቅሁት ሒሳቡ ሲመጣ ነው። በሐሳባችሁ ውስጥ ሰው አስገቡልን።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ይህ ነበር መቅደም ያለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ቴክኒሻን ወንድማችን የሚሠራበት ድርጅት ይወዳደራል ወይ? ወንድሜ፣ አንተን ጠርጥሬ አይደለም። ጉባኤው ላይ መጠየቁ አይቀርም።

ኤሲ ቴክኒሻኑ፦
ልክ ነህ። መሥሪያ ቤቴ አይወዳደርም። እኔ ሦስት ዋጋ ሲመጣ ወረቀቱን አንብቤ አስረዳለሁ፣ ድምፅ አልሰጥም። ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሰብሳቢ፦
እንግዲህ የእኔን መነሻ ትቼ ከእናንተ የሰበሰብኩትን ጻፍኩ፦

«እድሩ ከሦስት ላይሰንስ ካላቸው ኮንትራክተሮች ዋጋ ይጠይቅ። በየማርቹ የሚሠራው ኮይሉን፣ ሳህኑንና የውሃ መውጫውን ማጽዳት፣ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው ቤት ላይም መግጠም ነው። በየኦክቶበሩ ሂተሩና የጋዝ ጭስ መውጫው ይፈተሽ። ዳክት የሚጸዳው ባለቤቱ በዓይኑ አይቶ፣ ፎቶው እዚያው ተነሥቶ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ሲቀርብ ብቻ ነው። በዳክቱ ውስጥ ኬሚካል አይረጭም። ክፍያው የባለቤቱ ነው፣ የሐዘን ገንዘብ አይነካም። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ግን በፈቃደኝነት ይዋጣል። ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው የአረጋውያኑን ፊልተር በየሁለት ወሩ ይቀይሩ፣ ኮንትራክተር ሲመጣም አንዱ ተገኝቶ ያስተርጉም። ለተከራዮች ናሙና ደብዳቤ ይዘጋጅ።»

የቀረ ካለ እስከ እሑድ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
የጋጋሪዎች ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይታይ የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። አምስት ነን፣ ለአምስታችን ለብቻ ዋጋ ጠይቁልን።

ሰብሳቢ፦
ተጨምራለች።

ተከራዩ፦
የፊልተሩን ነገር ጉባኤውን መጠበቅ አያስፈልግም። ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ልምጣ? የፊልተሩ መጠን ጠርዙ ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ ከቻሉ ከታች ሆነው ያንብቡልኝና ገዝቼ እመጣለሁ።

ጋሼ፣ ከአንጋፋ አባላት፦
መነጽሬን አድርጌ አየሁት። 20 በ25 በ1 ይላል። በጣም ጠቁሯል። መሰላሉ ጋራዥ ውስጥ በስተቀኝ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ኑ፣ ቡናው ይደርሳል።