የአባቴ ቮልስ ውሃ ያስገባል፤ እባካችሁ መላ በሉኝ

የምጽፈው ከደሴ ነው። አባቴ ያወረሰኝ፣ በፈረንጆች 1972 የተሠራ ቮልስዋገን አለኝ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ጦሳ ተራራ በደመና በተሸፈነ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል፤ የሾፌሩ ምንጣፍ ይርሳል።

መጀመሪያ የበሩን የታችኛውን ጠርዝ በቀጭን ሽቦ ጎረጎርኩት። ጭቃና የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ። ተገላገልኩ ስል በማግስቱ ምንጣፉ እንደገና ራሰ። ከዚያ ልጄን ከውስጥ አስቀምጬ ከውጭ በጆግ ውሃ አፈሰስኩ። በፊት መስታወቱ ጎማ ዙሪያ ሳፈስ ምንም አልገባም፤ ከመስታወቱ ፊት ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ ሳፈስ ግን «አባዬ፣ መጣ!» አለኝ። ከማስገቢያው ስር ያለው ሳጥን ውሃውን በጎማ ቱቦ ወደ መሬት ማውረድ ነበረበት፤ ቱቦው ሳይደፈን አልቀረም።

ሳጥኑን ሳልፈታ የተደፈነውን ቱቦ እንዴት ልክፈተው? አንድ መካኒክ በኮምፕረሰር ንፋው ብሎኛል፤ የደረቀው ጎማ ከመገጣጠሚያው እንዳይነቀል ፈራሁ። ምትክ ቱቦስ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የት ይገኛል? ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ስለሆነ፣ ውሃው እዚያ ሳይደርስና ወለሉን ዝገት ሳይበላው የምታውቁ ድረሱልኝ።