ግራ ቆለጤን ያመኛል፤ ቡአ ይሆን?

የቡሬው፦
እንዴት ናችሁ ወገን? ቡሬ ነኝ፤ በቆሎና በርበሬ ጭነት ላይ ነው የምሠራው። ግራ ቆለጤን ያመኛል። ጠዋት ደህና ነኝ። ኩንታል ስሸከም ውዬ ማታ ይከብደኛል፣ ወደ ታች ይጎትተኛል። ጋደም ስል ይተወኛል። ከፍሬው በላይ የተጠላለፈ ትል የመሰለ ነገር በእጄ ይዳሰሳል። ትኩሳት የለኝም። አጎቴ «ቡአ ነው፣ ወጌሻ ይሽህ» ይለኛል።

ነርሱ፦
ወንድሜ፣ ወጌሻ እንዳይነካህ! የምትለው ቫሪኮሴል ይመስላል፤ የደም ሥር ማበጥ ማለት ነው። በብዛት በግራ በኩል ነው የሚታየው። ሲቆሙ ይብሳል፣ ሲተኙ ይቀላል። አንዳንዱን ሰው ልጅ መውለድ ያስቸግረዋል። ቡአ ከሆነ ግን ስታስል ወይም ዕቃ ስታነሳ ብሽሽትህ ገፋ ይላል። ሐኪም ዳብሶ፣ ካስፈለገም በአልትራሳውንድ ይለየዋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ድንገት የሚያስታውክ ከባድ ሕመም ከመጣ ፍሬው ተጠምዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሩጥ።

የዳሞት ልጅ፦
የኔ ቀስ እያለ ነው ያበጠው፤ ትኩሳትም ነበረኝ፣ ሽንቴም ያቃጥለኝ ነበር። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ባለቤቴም አብራ ታከመች። ሳትመረመር ክኒን እንዳትገዛ።

የቡሬው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ጭነት አለብኝ፤ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ። ሐኪሟ ሴት ብትሆንስ?

ነርሱ፦
ትሁና! በቀን ስንቱን የምታይ መሰለህ።