ሸዋ ሮቢት ላይ የመዋኛ ገንዳ እያሠራን ነው፤ ሞተሩን፣ ፊልተሩንና ቧንቧውን እንዴት እንምረጥ?

የሮቢቷ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ቤት እየሠራን ነው። የሮቢትን ሙቀት የቀመሰ ሰው "ገንዳ ምን ያደርግላችኋል?" ብሎ አይጠይቀኝም። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ፌሮ እየታሰረ ነው። አርማታ የሚሞላው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተነስቶ 1.80 ይደርሳል።

ኮንትራክተራችን ቤት ላይ እጁ የተመሰከረለት ነው። ገንዳ ግን ሠርቶ አያውቅም፤ እሱም አልደበቀኝም። ያሰበው እንዲህ ነው፦ ባለ 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ከቤቱ የተረፈው ባለ 50 ሚሊ ፒፒአር ቧንቧ፣ ወለሉ መሐል አንድ መምጠጫ፣ ግድግዳው ላይ የተጣራው ውሃ የሚገባበት አንድ መመለሻ። ሞተሩን ያተለቀው "ውሃው ቶሎ እንዲጠራ" ብሎ ነው። ጅዳ ያለው ወንድሜ ደግሞ "ሞተሩንና ፊልተሩን እኔ እልካለሁ" ይላል። ክሎሪን ወይስ ጨው የሚለው ሌላ ጭቅጭቅ ነው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ሳኒተሪው (ደብረ ሲና)

እህቴ፣ አርማታው ሳይሞላ መጠየቅሽ ግማሽ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚደውልልኝ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያኔ ከማዘን በቀር የማደርገው የለም።

ከሞተር አትጀምሪ፤ ከውሃው ጀምሪ። 8 በ4፣ አማካይ ጥልቀት 1.40፤ ወደ 45 ሺህ ሊትር ነው። ለቤት ገንዳ ውሃው በሙሉ በ6 ሰዓት አንድ ጊዜ በፊልተሩ ቢያልፍ ይበቃል። በሰዓት 7 ሺህ 500 ሊትር ማለት ነው። ይህን ባለ 0.75 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይወጣዋል፤ ሲበዛ ባለ 1። ስትገዢ ጉልበቱን ብቻ አትይ። ከሞተሩ ጋር የሚመጣውን ሠንጠረዥ አስወጪና "በ10 ሜትር የውሃ ግፊት ላይ በሰዓት ስንት ሊትር ይገፋል?" በያቸው። ከ8 እስከ 10 ሺህ ሊትር ከሆነ ውሰጂው። ፊቱ ላይ ቅጠልና ፀጉር የሚይዝ ቅርጫት ያለው የገንዳ ሞተር ይሁን። ሮቶ የምንሞላበት ተራ ሞተር አይሆንም።

ትልቅ ሞተር ውሃ አያጠራም። የሚያጠራው ፊልተሩ ውስጥ ያለው አሸዋ ነው፣ አሸዋ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ባለ 2ቱ በሰዓት ከ20 ሺህ ሊትር በላይ ሲገፋበት ቆሻሻው አሸዋውን ሰንጥቆ ተመልሶ ገንዳ ይገባል። ለናንተ ዲያሜትሩ 60 ሳንቲ የሆነ የአሸዋ ፊልተር ግዙ። ባለ 50 ሳንቲውም ይሠራል ይሉሻል። ይሠራል፣ ግን እየታፈነ ነው። አሸዋው ከ0.4 እስከ 0.8 ሚሊ የሆነ የታጠበ ሲሊካ ነው። የግንባታ አሸዋ ነፍተን እንጨምር የሚልሽን አትስሚ።

አሁን ወደ ቧንቧው። ከተረፈው ፒፒአር አንድ ቁራጭ አንሺና አፉን በሜትር ለኪው። ከውጭ 50 ነው። ወፍራሙ፣ ፒኤን 20 የሚባለው ከሆነ ግን ቀዳዳው 33 ሚሊ ብቻ ነው፤ የቀረው ፕላስቲክ ነው። ባለ 50 ሚሊ የግፊት ፒቪሲ፣ ፒኤን 10 የሆነው፣ ቀዳዳው 45 ሚሊ ነው። በስፋት ሲሰላ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በ33ቱ ያን ሁሉ ውሃ ብታሳልፊ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር ይበልጣል። መምጠጫ ላይ ከ1.5 ባያልፍ ጥሩ ነው። ካለፈ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንኳኳል። ስለዚህ መምጠጫው 63 ሚሊ፣ መመለሻው 50 ሚሊ፣ ሁሉም የግፊት ፒቪሲ። ቀጭኑ የፍሳሽ ቧንቧ አይደለም። ጋልቫናይዝድ ብረትም አይሆንም፤ ክሎሪን ይበላዋል።

ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ቀንሱ። ባለ 90 ዲግሪውን በሁለት ባለ 45 ተኩት። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው እስከ ሞተሩ ክፍል ይምጣና እዚያ የራሱ ቫልቭ ይኑረው። በሞተሩ ግራና ቀኝ ዩኒየን፣ ማለትም ተፈትቶ የሚገጠም መጋጠሚያ፣ አስገቡ። ዩኒየን ያልገባለት ሞተር ሲበላሽ በመጋዝ ነው የሚወጣው።

አንድ መምጠጫ የሚለውን ግን በፍጹም። የሰው ሰውነት ወይም የልጅ ፀጉር አንዱን መምጠጫ ከደፈነው ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ እዚያ ያሳርፋል፤ አዋቂ ጎትቶ ላያላቅቀው ይችላል። ሁለት ይሁኑ፣ ቢያንስ በ1 ሜትር ተራርቀው፣ መሐላቸው በቲ ተገናኝተው። አንዱ ቢደፈን ሌላው ይስባል። ክዳናቸውም ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎበጥ ያለው፣ ፀጉር የማይዘው ዓይነት ይሁን። አሜሪካኖች በ2007 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ክዳን ሕግ እስከ ማውጣት የደረሱት ልጆች ስለሞቱባቸው ነው።

የሮቢቷ

ለካሁት። ውስጡ 33 ነው! ኮንትራክተሩም አብሮኝ ለካና ዝም አለ። ግን ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቅጠል ማን ያነሳዋል? የወለሉ መምጠጫ አይደርስበትም።

ሳኒተሪው (ደብረ ሲና)

ረስቼው! ስኪመር ነው የሚያነሳው፤ ግድግዳው ላይ የውሃውን ፊት እየላሰ የሚስበው አፍ። ለ32 ካሬ አንድ ይበቃል፣ ሁለት ቢሆን አልጠላም። የውሃው ልክ የአፉ ወገብ ላይ እንዲሆን አድርጉ። ቦታውን ነፋሱ ይመርጥልሽ፦ ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱ አጠገብ ቁሚና ነፋሱ ቅጠል ወዴት እንደሚነዳ እይ። ስኪመሩ እዚያ፣ መመለሻዎቹ ከወዲያ ማዶ። መመለሻ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሦስት።

ኤሌክትሪሻን (ደብረ ብርሃን)

ስለ ወንድምሽ ልናገር። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ለ60 ብቻ የተሠራ ሞተር እዚህ ሲመጣ ፍጥነቱ በ17 በመቶ ያህል ይወርዳል፣ በላዩም ይሞቃል። ከመግዛቱ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ታርጋ ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። "50/60" የሚል ከሌለበት ይቅር። ዱባይ ቢሆን ኖሮ 50 ነው፣ ችግር አልነበረም።

ሁለተኛው ወጥመድ ኢንቹ ነው። በአሜሪካ ልክ የተሠራ ዕቃ ባለ 2 ኢንች ቧንቧው ከውጭ 60.3 ሚሊ ነው። የእኛ ገበያ ያለው 63 ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ማጣበቂያ ቀብተሽ ስትገፊው ነው የሚለይሽ። ፊልተሩን ቢልክም መጋጠሚያዎቹን አብሮ ይላክ።

መብራቱን በአጭሩ፦ 30 ሚሊአምፒር የሆነ የሊኬጅ ብሬከር (መብራት ሲያፈስ የሚቆርጥ) ግዴታ ነው፣ ኧርዙ በትክክል ይቀበር፣ ገንዳ ውስጥ የሚገባ አምፖል 12 ቮልት ይሁን። ማታ ማታ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ዝቅ ሲል የሚቆርጥ መከላከያ ጨምሪ። ሞተሩ ቀን ቢሠራ ይሻላል። ገንዘብ ካለሽ ፍጥነቱ የሚቀያየር ሞተር አለ። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሺ የሚበላው መብራት ወደ ስምንተኛው ይወርዳል።

ብርዱ ያስተማረኝ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ አንቺ ሮቢት ሆነሽ ዕድለኛ ነሽ። እኔ ከጣርማ በር ወዲህ ማዶ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ገንዳ ሠርቻለሁ። አዎ፣ ሳቁብኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሲሆን ልጆቼ ጠርዙ ላይ ቆመው ያዩታል፣ ማንም አይገባም።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን የሞተሩን ቦታ ነው። ዕቃውን የሸጠልኝ ሰው "የትም ይቀመጥ፣ ራሱ ይስባል" አለኝ። ከውሃው 2 ሜትር ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። በየጠዋቱ አየር ስቦ ይቆማል። አየሩ ከፍታ ላይ ሲሳሳ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይልም እንደሚቀንስ የነገረኝ የለም። ባሕር ጠለል ላይ 10 ሜትር የውሃ ዓምድ የሚሸከመው አየር እኛ ጋ፣ 2 ሺህ 800 ሜትር ላይ፣ 7 ሜትር ከምናምን ነው። ሮቢት ዝቅ ስለሚል እንደኔ አይብስብሽም። ቢሆንም ሞተሩን ከውሃው ልክ በታች ወይም እኩል አድርጊውና ራሱ ውሃው ይምጣለት። ከታች ካደረግሽው ክፍሉ ወለል ላይ ውሃ ማውጫ ይኑር፤ የክረምቱ ጎርፍ ሞተር አይምርም።

ጋሼ ይፋት

ልጄ፣ እኔ ዋና የተማርኩት ሮቢ ወንዝ ነው፣ ሞተርም ፊልተርም አልነበረው። ግን ዘመናችሁ ነው፣ ይሁንላችሁ። የምጠይቅሽ ውሃው ከየት ነው? 45 ሺህ ሊትር ባለ 10 ሺህ ቦቴ አራት ተኩል ጊዜ ነው። ከሞላም በኋላ ፀሐይዋ ትጠጣዋለች። በቀን 6 ሚሊ ብቻ ቢተን ከ190 ሊትር በላይ ነው፤ አሥር ጀሪካን ቁጠሪ። መሸፈኛ ግዢለት። ፊልተሩ ሲታጠብ የሚፈሰውንስ የት ልትጥይው ነው?

የሮቢቷ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አለን። ፊልተሩ የሚታጠብበትን ወደ ማንጎዎቹ ልሰድደው አስቤ ነበር፤ እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሼ ይፋት

ማንጎው ይወደዋል፣ ክሎሪኑ ካልገደለው። ለብቻው በተቆፈረ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይመታው፣ ከዚያ አጠጪ።

ኬሚስትሪ አስተማሪዋ

ጋሼ ልክ ናቸው፤ ለዚህም ነው የጨው ሲስተም፣ ከጨው ክሎሪን የሚያወጣውን መሣሪያ፣ የማልመክርሽ። በሊትር 4 ግራም ሲሰላ ገንዳሽ 180 ኪሎ ጨው ይጠይቃል። ያ ጨዋማ ውሃ ማንጎ ሥር ቢፈስ አፈሩን ነው የምታበላሺው። ደግሞ መሣሪያው ክሎሪን የሚያወጣው መብራት ሲኖር ነው።

ዱቄት ክሎሪን፣ 65 ወይም 70 በመቶ የሆነውን ግዢ። ለገንዳሽ 65 ግራም ያህሉ ክሎሪኑን በ1 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርገዋል። ከ1 እስከ 3 መሐል ጠብቂው፤ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.6። ዱቄቱን ባልዲ ውሃ ላይ ነው የምትጨምሪው፣ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አይደለም። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ዓይነት የክሎሪን እንክብል ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አይግባ፤ ይቃጠላል። ሞተሩ ክፍልም አታስቀምጪው፣ ጭሱ ብረቱን ያዝገዋል። የጉድጓዱን ውሃ ከመሙላትሽ በፊት አስመርምሪ። ብረት ካለበት ክሎሪን በጨመርሽ ማግስት ገንዳው ጠላ ይመስላል።

ሳኒተሪው (ደብረ ሲና)

ከአስተማሪዋ በትንሹ እለያለሁ። ጨው ለዓይንና ለቆዳ ይለሰልሳል፤ የሠራሁላቸው ሰዎች ወደውታል። ግን ለማንጎ ባለቤት፣ እሺ፣ ዱቄቱ ይሁን።

የሁለት ልጆች እናት

ሁሉም ስለ ሞተር። አጥሩስ? ገንዳው ዙሪያ ቢያንስ 1.20 የሆነ፣ ልጅ የማይወጣው አጥርና ራሱ የሚዘጋ በር አስቢበት። ከገንዳው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

የሮቢቷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ። ፒፒአሩ ቀርቷል፣ 63ና 50 ፒቪሲ ከአዲስ አበባ መጥቶ ተዘርግቷል። መምጠጫው ሁለት ሆኗል። አጥሩ ለአናጺ ተሰጥቷል። ወንድሜ የታርጋውን ፎቶ ላከ፤ 60 ብቻ ይላል፣ ተወው።

ሳኒተሪው በስልክ እንደነገረኝ መስመሮቹን ሁሉ ደፍነን፣ በአየር ሳይሆን በውሃ ሞልተን፣ ትናንት ማታ 12 ሰዓት ላይ 3 ባር አደረስነው። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳየው መርፌው 2 ላይ ነው። ኮንትራክተሩ "ብርዱ ነው" አለ። ሮቢት ላይ! በባትሪ እየዞርን አንድ በአንድ አየን። የጥልቁ ጎን ጎሚቶ ሥር አቧራው በክብ ረጥቧል፣ የሳንቲም ያህል። ቆርጠን አዲስ አጣበቅን። ዛሬ ማታ እንደገና እንሞክራለን፣ ከያዘ ነገ አርማታ ይሞላል። የቀረኝ አለ?

ሳኒተሪው (ደብረ ሲና)

አንድ ነገር። ማጣበቂያው አንድ ሙሉ ቀን ሳይደርቅ ግፊት አትስጪው፤ ስለዚህ ሙከራው ነገ ማታ፣ አርማታው ከነገ ወዲያ። ሲሞላም ግፊቱን አታውርጂው፤ መለኪያውን የሚያይ ሰው ይቁም። አንዱ ሠራተኛ አካፋውን ቧንቧ ላይ ቢያሳርፍ መርፌው ወዲያው ይነግርሻል፣ አርማታውም ገና እርጥብ ነው።