ጭላትና ጭልፊት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ጠያቂ (ጅማ)
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አወይቱ ወንዝ አካባቢ ነው የምንኖረው። ግቢያችን ዋንዛና አቮካዶ ስላለው ዋኖስና ድንቢጥ አይጠፋበትም። ሰሞኑን ግን አንድ አዳኝ ወፍ ለምዶናል። ከዋንዛው ቅጠል ውስጥ ድንገት ወጥቶ እህል የምትለቅም ዋኖስ ያዘና አጥሩ ሥር ላባዋን እየነጨ በላት። እናቴ «ጭልፊት ነው» ትላለች፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ጭላት» ይላሉ። የቱ ነው ትክክል?

መላሽ 1
እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ወፎች መካከል ጭላትና ጭልፊት ጎን ለጎን ተጠርተዋል፤ ተርጓሚዎቹ ሁለት ወፍ አድርገው ነው የጻፏቸው። በአፍ ግን ተቀላቅለዋል፤ ጫጩት የነጠቀ ሁሉ ለአንዱ ጭላት፣ ለሌላው ጭልፊት ነው። እኔ ቢለዩ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አደናቸው አይገናኝም።

ቄራና ገበያ ላይ የሚዞረውን ታውቂዋለሽ። ክንፉ ረጅም ነው፣ የጅራቱ ጫፍ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፣ ምንቃሩም ቢጫ። ሳያርፍ ወርዶ ሥጋውን ከሰው እጅ በጥፍሩ ላፍ ያደርግና እዚያው አየር ላይ እየበረረ ይበላል። ጭልፋ ከድስት ወጥ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ጨለፈ፣ ጭልፋ፣ ጭልፊት፦ ለጆሮም ለዓይንም ይቀራረባሉ። ስልክ መንትፎ የሚሮጠውን ሌባ «ሞጭላፊ» ስንል የምናስበው ይህንኑ ወፍ ይመስለኛል።

ያንቺው ሌላ ነው። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም መሆን አለበት፤ በቅርንጫፍ መሃል እንደ ልቡ የሚታጠፈው በዚያ ነው። ሰማይ ላይ አይዞርም፤ ቅጠል ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል። ላባ ነጭቶ ክምር ትቶ መሄድም ልማዱ ነው። ሴቷ ከወንዱ በግልጽ ስለምትበልጥ ጥንዱን ያየ ሰው ሁለት ዓይነት ወፍ ያየ ይመስለዋል። እኔ ጭላት የምለው ይህን ነው።

መላሽ 2
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። አያቴ ጫጩት ስታሰማራ ቀና ብላ «ጭላት እያንዣበበ ነው፣ አስገቡ!» ትል ነበር። ሰማይ ላይ የሚዞረውን ማለቷ ነው። ሕዝብ የሚለውን ትተን በክንፍ ቅርጽ ቃል ማደል የለብንም።

መላሽ 1
ልክ ነህ፣ የአያትህን አነጋገር አልሽርም። ግን ያነሳኸውን ግሥ እየው። «አደጋ አንዣቧል»፣ «ችግር እያንዣበበበት ነው» ስንል አደጋው ከሩቅ ይታያል፣ ገና አልወረደም፣ ጫጩት ለማስገባት ጊዜ አለ። አድፍጦ ለሚወጣው ግን ይህ ግሥ አይሆነውም፤ ለእሱ የሚሆነው «አደባ» ነው። ሰው ሁለቱን አደን በግሥ ለይቶ ሲያበቃ ወፎቹን በአንድ ስም መጥራቱ ያስቆጨኛል።

መላሽ 3 (ጅማ)
በኛ ሰፈር ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ «ጩሉሌ» ነው የሚሉት፤ ልጆቹ በአማርኛ ሲያወሩም ቃሉን አይቀይሩትም። ንስሩን ግን ለይተው «ሪሳ» ይሉታል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመስከረም በኋላ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ምንቃራቸው ጥቁር የሆነ ጭልፊቶች ከኛዎቹ ጋር ይቀላቀላሉ። በዚያ ሰሞን ሰማዩ የሞላ ቢመስላችሁ አትደነቁ።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ድንቢጦቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ ወጣሁ። አቮካዶው ላይ ነበር፦ ዓይኑ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ቀጫጭን አግድም መስመር፣ ጅራቱ ረጅም። ወዲያው ቁራዎች መጥተው እያዋከቡ አባረሩት። እናቴ ድንጋይ ልትወረውር ስትል ለመንኳት፤ ጫጩቶቹን በቅርጫት መድፋት ይሻላል፣ ዋኖሷም ብትሆን የሱ ቀለብ ናት። ስሙን ጭላት ብዬዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ፦ ቁራ ተሰብስቦ አዳኝ ወፍን ሲያሳድድ «አዋከበ» ከማለት የጠበቀ ቃል በየአካባቢያችሁ አለ?